ሳይጮህ የሚሰማ ድምፅ፦ የሆም ቲያትር አመራረጥ፣ አቀማመጥና አጠቃቀም



ቴሌቪዥኖች ከዓመት ዓመት እየቀጠኑ ሲሄዱ ድምፃቸውም አብሮ ቀጥኗል። የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ለስፒከር የሚሆን ሰፊ ቦታ ነበረው። የዛሬው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስስ ስክሪን ግን ትናንሽ ስፒከሮቹን ከሥሩ ወይም ከጀርባው ደብቆ ድምፁን ወደ ወለሉና ወደ ግድግዳው ይልከዋል። ዜና አንባቢው ያለውን ሳንሰማ ስንቀር ሪሞቱን አንስተን እንጨምራለን፤ ወዲያው ማስታወቂያ ሲገባ ቤቱ ይናጋል፤ ተሯሩጠን እንቀንሳለን። ብዙ ቤተሰብ ሆም ቲያትር ለመግዛት የሚነሣው ከዚህ ድካም የተነሳ ነው።

ገበያ ስንወጣ ግን ወሬው ይቀየራል። ሻጩ የሚነግረን ስለ ዋቱ፣ ስለ ቤዙና ስለሚያበራው መብራት ነው። «ሰፈሩን ያናውጣል» የሚለው እንደ ትልቅ ሙገሳ ይቀርባል። እኛ ግን የፈለግነው ሰፈሩን ማናወጥ ሳይሆን የሚባለውን መስማት ነበር። በዚህ ጽሑፍ ደጋግመን የምንመለስበት ነጥብ ይኸው ነው፦ ጥሩ የቤት ድምፅ ማለት ዝቅ ብሎም ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ ነው። ይህን መለኪያ የያዘ ሰው ገንዘቡን፣ ጆሮውንና ጎረቤቱን አብሮ ያተርፋል።

በመሣሪያው ምን ይደመጥ የሚለው ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም። የምንነጋገረው ስለ መሣሪያው፣ ስለ ሳሎናችንና ስለ አጠቃቀሙ ነው።

5.1 ሲባል ምን ማለት ነው?

ካርቶኑ ላይ 2.1፣ 5.1፣ 7.1 የሚሉ ቁጥሮችን እናያለን። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር በክፍሉ ውስጥ የሚደረደሩትን ስፒከሮች ብዛት ይነግረናል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ በተለምዶ «ቤዝ» የምንለውን፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ሳብውፈር ነው። ስለዚህ 5.1 ማለት ከፊት ግራና ቀኝ ሁለት፣ ከመሐል አንድ፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት ስፒከሮችና አንድ ቤዝ ማለት ነው። 5.1.2 የሚል ካያችሁ የመጨረሻው ቁጥር ድምፅን ከላይ የሚያመጡ ስፒከሮችን ያመለክታል።

ሐሳቡ የመጣው ከሲኒማ አዳራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ዋልት ዲስኒ «ፋንታዚያ» የተባለውን ፊልም ሲያሳይ በአዳራሹ ዙሪያ ስፒከሮችን አስደርድሮ ነበር። ሬይ ዶልቢ በ1965 ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ ይህን አሠራር አሻሽሎ በ1992 ዶልቢ ዲጂታልን ወደ ሲኒማ ቤቶች አስገባ። ከዚያ በኋላ ዲቪዲ ሲስፋፋ አሠራሩ ከአዳራሽ ወደ ሳሎን ገባ። ዛሬ በመሣሪያዎች ላይ «ዶልቢ» የሚል ጽሑፍ የምናየው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ስፒከሮች ለቤተሰብ ከፍተኛውን ጥቅም የሚሰጠው የመሐሉ ነው። በ5.1 በተቀናበሩ ፊልሞች ውስጥ የሰዎች ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ሲኖር ንግግሩ ከስክሪኑ መሐል የሚመጣ መስሎ የሚሰማው በትክክል መሐል ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ጥግ ላይ ላሉት ልጆችና እንግዶች ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። የመሐል ስፒከር ሲኖር ግን ሁሉም ሰው ንግግሩን ከተናጋሪው አፍ አቅጣጫ ይሰማዋል። ንግግር ጥርት ሲል ድምፅ የመጨመር ፍላጎታችን ይቀንሳል። ስለዚህ 5.1 ስትገዙ የመሐሉ ስፒከር ከሌሎቹ ያነሰና የቀለለ እንዳይሆን አስተውሉ።

መጀመሪያ ክፍሉን እንይ

አንድ ዓይነት ስፒከር በሁለት ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው። ሱቅ ውስጥ ያስደነቀን መሣሪያ ቤት ገብቶ የሚያሳዝነን ለዚህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሳሎናችሁ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ። ጭብጨባው ወዲያው ከጠፋ ክፍሉ መልካም ነው። «ጭርርር» እያለ ከቆየ ግን ሴራሚክ ወለሉ፣ መስታወቱና ባዶው ግድግዳ ድምፁን እየተቀባበሉ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የትኛውም መሣሪያ ንግግሩን ያደበላልቀዋል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው በፊት የሚገዛ ወፍራም ምንጣፍና ከባድ መጋረጃ ነው። በስፒከሮቹና በመቀመጫችን መካከል ያለው ወለል ምንጣፍ ይልበስ። መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ፣ ትራስና ፍራሽም ድምፅን ይውጣሉ። በዚህ ረገድ የእኛ ቤቶች ዕድለኞች ናቸው። መጅሊስ የተነጠፈበት ሳሎን፣ ወይም ነደባው በምንጣፍና በትራስ የለበሰ የሐረሪ ቤት፣ ማንም የድምፅ ባለሙያ የሚመክረውን ሥራ ቀድሞ ሠርቶታል።

መጅሊስ ግን አንድ ልዩነት ያመጣል፤ ከፍታው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ስፒከሩ ከጆሮ በላይ ሲያልፍ ጥራቱ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ቤታችሁ መጅሊስ ከሆነ ረጃጅሞቹን የቁም ስፒከሮች ትታችሁ ዝቅ ያለ ማስቀመጫ ላይ የሚሆኑ ትናንሾችን ምረጡ፤ ቴሌቪዥኑንም በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉት።

ሳሎን ውስጥ የምትሰግዱ ከሆነ አቅጣጫንም አስቡበት። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ ቴሌቪዥኑንና የሚያብለጨልጩትን ስፒከሮች ከሰሜኑ ግድግዳ ውጪ ባለው ላይ ማድረግ ይቻላል። ገና ሳይሰቀል ቢታሰብበት ቀላል ነው፤ ግድግዳው ከተበሳ በኋላ ግን ይከብዳል።

የዋት ነገር

አንዳንድ ካርቶኖች ላይ 5,000 ወይም 10,000 ዋት ተብሎ ተጽፎ እናያለን። አጠገቡ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» የሚል ካለ ቁጥሩን እርሱት። ይህ መሣሪያው ለቅጽበት ያወጣዋል ተብሎ የሚገመት፣ ወጥ የአለካክ ደንብ የሌለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። የሚጠቅመን «አር.ኤም.ኤስ» የሚለው፣ መሣሪያው ሳይቆራረጥ የሚችለው ኃይል ነው። ሌላም ቀላል ማጣሪያ አለ። ከመሣሪያው ጀርባ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ ተጽፏል። 80 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 5,000 ዋት ድምፅ እየደጋገመ ሊያወጣ አይችልም።

ደግሞስ ይህ ሁሉ ዋት ምን ያደርግልናል? ጆሯችን ኃይልን የሚሰማው በተለየ ስሌት ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ትንሽ ከፍ ያለ መስሎ ቢሰማን ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ኃይሉ 10 እጥፍ መሆን ይኖርበታል። አንድ የተለመደ የቤት ስፒከር በ1 ዋት ብቻ 1 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 88 ዴሲቤል ያወጣል። 3 ሜትር ርቀን ስንቀመጥ ወደ 80 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ይህም ለመነጋገር ጮህ ማለት የሚያስፈልገው ድምፅ ነው። በወጉ የምናደምጠው ንግግር 60 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ የሚያስፈልገው ከ1 ዋት እጅግ ያነሰ ነው። ድንገት ከፍ ለሚለው ድምፅ መጠባበቂያ ቢያስፈልግም ለአንድ መካከለኛ ሳሎን በያንዳንዱ ስፒከር ከ30 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጻፈው ቁጥር የምንከፍለው ገንዘብ የማንጠቀምበት ነው። ስለ ኢስራፍ የተማርነው ለምግብና ለልብስ ብቻ አይደለም።

የትኛው ዓይነት ይሻለናል?

ገበያ ላይ ያሉትን በሦስት መክፈል እንችላለን።

የመጀመሪያው ሳውንድ ባር ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም ረጅም ስፒከር። በአንድ ገመድ ይገናኛል፣ ቦታ አይዝም፣ ለዓይንም ያምራል። ለጠባብ ሳሎንና ለኪራይ ቤት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ሲገዛ የመሐል የንግግር ስፒከር እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ 3.1 የሚል ከሆነ አለው ማለት ነው። ከኋላ ስፒከር ሳይኖረው «ሰራውንድ» የሚል ሳውንድ ባር ድምፁን ከግድግዳ እያነጠረ ወይም በስሌት እያታለለ የሚሠራ ነው። ደህና ሊሆን ይችላል፤ ግን እውነተኛ የኋላ ስፒከርን አይተካም።

ሁለተኛው ሙሉው ሆም ቲያትር በአንድ ካርቶን ነው፤ አምስት ትናንሽ ስፒከር፣ ቤዝና ማጫወቻ። ዋጋው ከሚያስገኘው ብዛት አንጻር ይማርካል። ችግሩ ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ ቀላል ፕላስቲክ መሆናቸውና አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሌላው አብሮ መቆሙ ነው።

ሦስተኛው ክፍሎቹን ለየብቻ መግዛት ነው፤ አምፕሊፋየሩን ለብቻ፣ ስፒከሮቹን ለብቻ። የዚህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር «ሪሲቨር» ይባላል፤ የዲሽ ሪሲቨር ከሚባለው ጋር እንዳይምታታባችሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ዛሬ ሁለት ጥሩ ስፒከር፣ በሚቀጥለው ዓመት የመሐሉን፣ ከዚያ የኋላዎቹን እያሉ በአቅም ማሟላት ይቻላል። ጥሩ ስፒከር ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

በአንድ በጀት አምስት ደካማ ስፒከር ወይም ሁለት ጠንካራ ስፒከር ይምረጡ ብንባል የምንመክረው ሁለቱን ነው። ምክንያቱም የምናያቸው አብዛኞቹ የሳተላይት ቻናሎች ድምፃቸው በሁለት መስመር፣ ማለትም በስቴሪዮ የሚተላለፍ ነው። አምስት ስፒከር ቢኖረንም ለኋላዎቹ የሚላከው መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ድምፅ ነው። 5.1 እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው በ5.1 የተቀናበሩ ፊልሞችንና ዘጋቢ ፊልሞችን በኢንተርኔት ወይም በዲስክ ለሚያይ ቤት ነው።

ሱቅ ውስጥ

ሻጩ የሚያሰማችሁ ለመሣሪያው የሚስማማውን ነው፤ ብዙ ጊዜም ቤዝ የበዛበት። እናንተ በፍላሽ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ የአንድ ዜና አንባቢ ንግግር፣ በደንብ የምታውቁት ቃሪእ ቲላዋ፣ ከአንድ ፊልም ውስጥ ጫጫታ መሐል የሚደረግ ንግግር። ከዚያ «ቀንሱልኝ» በሉ። ድምፁ ከተራ ጭውውት በማይበልጥበት ልክ ቃላቱ ሁሉ ይሰማሉ? መልሱ አዎ ከሆነ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሲጮህ ብቻ የሚያምር መሣሪያ ሁልጊዜ እንድናስጮኸው ያስገድደናል።

እያንዳንዱን ስፒከር ለየብቻ አስከፍታችሁ ስሙ፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም የታፈነ እንዳይኖር። የዋስትና ወረቀቱን፣ ሪሞቱንና ማይክራፎን ካለው እሱንም አረጋግጡ።

ብዙዎቻችን ዕቃው የሚደርሰን ከውጭ በዘመድ በኩል ነው። ወንድም ወይም እህት ለፍታ ካገኘችው የምትልከው ዕቃ ሶኬት ላይ በተሰካ በደቂቃ ውስጥ እንዳይቃጠል አንድ ነገር ቀድሞ መታየት አለበት፤ ቮልቴጁ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 120 ነው፤ በሳዑዲም ቀደም ሲል በ127 ቮልት የሚሠሩ ቤቶች ነበሩ። ከመሣሪያው ጀርባ «100–240» የሚል ከተጻፈ በሁሉም ቦታ ይሠራል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት የለበትም። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ቮልቴጁ ቢስማማም ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ማገናኛ ይፈልጋል። ላኪዋ ከመክፈሏ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ብትልክ ብዙ ኪሳራ ይድናል።

አቀማመጥ

አቀማመጥ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለውጡ ግን አዲስ መሣሪያ የመግዛት ያህል ነው።

የፊቶቹ ግራና ቀኝ ስፒከሮች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከእኛ ካላቸው ርቀት ጋር እኩል ቢሆን ይመረጣል። ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ማለት ነው። ወደ እኛ ትንሽ ይዙሩ፤ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቁ። የመሐሉ ስፒከር ከስክሪኑ ሥር ይሁንና ዝቅ ካለ ፊቱ ወደ ጆሯችን ቀና ይበል። ቡፌ ውስጥ ተከትቶ በር አይዘጋበት። የኋላዎቹ ስፒከሮች ትክክለኛ ቦታ ከቀጥታ ጀርባችን ይልቅ ከጎናችን ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ነው፤ ከጆሮም ትንሽ ከፍ ቢሉ አይጎዳም።

ቤዙ አስቸጋሪ ነው። ጥግ ላይ ሲደረግ ድምፁ ያብጣል፤ «ዱም ዱም» እያለ ንግግሩን ይሸፍናል። ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ቤዙን እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ከዚያ በክፍሉ ዳር ዳር ዝቅ ብላችሁ እየተዘዋወራችሁ ስሙ። ድምፁ ሳያብጥ ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የቤዙ ቦታ ነው። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ፎም ብታደርጉ ወደ ወለሉ የሚተላለፈው ንዝረት ይቀንሳል። መሣሪያው «ክሮስኦቨር» የሚል ማስተካከያ ካለው ትናንሽ ስፒከሮች ላላቸው ቤቶች 80 ኸርዝ ወይም ከፍ ያለ ጥሩ መነሻ ነው። ቤዙ አለመኖሩ ሲታወቅ፣ መኖሩ ግን ሳይታወቅ ሲቀር በልኩ ተስተካክሏል።

ስለ ውበት ካነሳን ገመዶቹን በፕላስቲክ መሸፈኛ በግድግዳው ጠርዝ መስደድና መሸፈኛውን በግድግዳው ቀለም መቀባት ሳሎኑን ያሳምረዋል፤ ሕፃናትንም ከመጠለፍ ያድናል። የስፒከሩን ቀለም ከመጋረጃው ወይም ከመጅሊሱ ጋር ማስማማትም ይቻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ አምፕሊፋየሩን በዳንቴል አትሸፍኑት። ከላይ ያሉት ክፍተቶች መተንፈሻዎቹ ናቸው። ታፍኖ የሚግል መሣሪያ ዕድሜው ያጥራል።

ገመድና ሴቲንግ

ቴሌቪዥኑን ከድምፅ መሣሪያው ጋር ለማገናኘት የሚመረጠው ኤችዲኤምአይ ነው። ከሶኬቶቹ አንዱ አጠገብ «ኤአርሲ» የሚል ምልክት አለ፤ ገመዱ በሁለቱም ወገን እዚያ መሰካት አለበት። ሌላው ሶኬት ላይ ከተሰካ ድምፁ አይመለስም፤ ብዙ ሰው መሣሪያው የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ነው። በዚህ መንገድ በአንድ ሪሞት ድምፅ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ኤአርሲ የሌለው ቴሌቪዥን ኦፕቲካል ካለው እሱም 5.1 ያስተላልፋል። ብሉቱዝ ለስልክ ይመቻል፤ ለቴሌቪዥን ግን ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ሊዘገይ ይችላል።

ከገመዱ በኋላ ሴቲንጉን ክፈቱ። ብዙ መሣሪያዎች «ናይት ሞድ» የሚል ምርጫ አላቸው። ሥራው ድንገት የሚጮኸውን ዝቅ፣ ቀስ ያለውን ንግግር ከፍ ማድረግ ነው። መግቢያው ላይ ያነሳነውን የሪሞት ሩጫ የሚያስቀረው ይህ ነው። ስሙ የሌሊት ይሁን እንጂ ቀንም ያገለግላል።

ቁርኣን ስናደምጥበት

በብዙ ቤቶች ይህ መሣሪያ ረጅሙን ሰዓት የሚሠራው ለቁርኣን ነው። በተለይ በረመዳን የሐረም ተራዊሕ በቀጥታ ሲተላለፍ ሳሎኑ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ የሚታይ ችግር አለ፤ «ሆል»፣ «ኮንሰርት»፣ «ሲኒማ» የሚባሉትን ሴቲንጎች ከፍቶ ማዳመጥ። የቲላዋ ቅጂዎች በተለምዶ በአንድ ወይም በሁለት የድምፅ መስመር የተቀዱ ናቸው፤ የመስጂዱን ማስተጋባትም ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ይዘዋል። መሣሪያው በዚያ ላይ ሌላ ማስተጋባት ሲደርብበት ፊደላት ይደበላለቃሉ። «ስቴሪዮ» የሚለውን ምረጡ፤ ቤዙንም ቀንሱት።

ልጆች ተጅዊድ እየተማሩ ላለበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሲንን ከሣእ፣ ሣእን ከፋእ የሚለየው ድምፅ በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ክፍል ነው። ቤዝ የበዛበት ወይም ትዊተሩ የደከመ ስፒከር ይህን ክፍል ይውጠዋል። ልጁ ማኽረጁን የሚይዘው ከሚሰማው ነው፤ የሚሰማው ከተደበላለቀ የሚቀራውም ይደበላለቃል። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ይህን ቶሎ ያውቁታል። ስፒከራችሁን ለመፈተን ሣእና ሲን ተቀራርበው የሚገኙበትን አያ ዝቅ ባለ ድምፅ አዳምጡ፤ ሁለቱ ፊደላት ካልተለዩ መሣሪያው ወይም ሴቲንጉ ችግር አለበት።

ማንም ሳያደምጠው ቁርኣንን ለቤቱ ጫጫታ ማጀቢያ ከፍቶ መተውም ተገቢ አይደለም። በሱረቱል አዕራፍ ቁርኣን ሲቀራ ጸጥ ብለን እንድናዳምጥ ታዘናል። ጨዋታ ሲጀመር መዝጋት፣ ስናደምጥ ደግሞ ማድመጥ አደብ ነው።

ግድግዳው የጋራ ነው

በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። ቀጭን ድምፅ አጭር ሞገድ ስላለው በመጋረጃና በግድግዳ ይዳከማል። 40 ኸርዝ የሆነ የቤዝ ድምፅ ግን የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ አያቆመውም። ወለሉንና ምሰሶውን ራሱ እያናወጠ ሁለት ፎቅ ድረስ ሊሄድ ይችላል። እኛ ሳሎናችን ውስጥ ደስ የሚል ፊልም እያየን ጎረቤታችን የሚሰማው ንግግር አልባ «ዱም ዱም» ብቻ ነው። በውጭ አገር ወለሉ እንጨት በሆነ አፓርታማ የምትኖሩም ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያው የእናንተ ወለል ነው።

የኢትዮጵያ የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለመልካም እንቅልፍ የመኝታ ክፍል ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሕጉ በፊት ግን የጎረቤት ሐቅ አለ። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስከማሰብ እንደደረሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ጎረቤቱ ሙስሊም ቢሆንም ባይሆንም ሐቁ አይቀርም። ከግድግዳው ወዲያ አራስ፣ ታማሚ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ይኖር ይሆናል።

«እኛ የምንከፍተው ቁርኣን ነው» የሚል መከራከሪያም ይሰማል። በአቡ ዳውድ የተዘገበው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰምተው አንዱ ሌላውን እንዳያውክ መከልከላቸውን ነው። መስጂድ ውስጥ ለሚቀራ ሰው ይህ ከተባለ በረንዳ ላይ ስፒከር ላወጣ ሰውማ ምን ይባላል?

በተግባር የሚሠራ መንገድ አለ። አንድ ምሽት የምታዩትን ክፈቱና በራችሁን ዘግታችሁ ደረጃው ላይ ቆማችሁ ስሙ። ከዚያ ጎረቤታችሁን አንኳኩታችሁ «ድምፃችን ይደርሳችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቢቻል እዚያው ሳሎናቸው ገብታችሁ አዳምጡ። የማይሰማበትን የቮሉም ቁጥር ያዙ። ያ ቁጥር «የሌሊት ቁጥር» ይሁን፤ ልጆችም ይወቁት። ከዒሻ በኋላ ቤዙን ማጥፋት ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ንግግሩ አይጎዳም፤ ግድግዳውም ያርፋል። ቅሬታ ከመምጣቱ በፊት የሚጠይቅ ጎረቤት ቅሬታ አይመጣበትም።

ጆሮም አማና ነው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት ደግሞ 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለአዋቂ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት እያለ ይወርዳል። የተጎዳ የጆሮ ሕዋስ ዳግም አይበቅልም። በስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች ፍጹም ባይሆኑም ግምት ይሰጣሉ። ቀላሉ መለኪያ ግን ይህ ነው፦ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ለማናገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ በዝቷል ማለት ነው። ሕፃናት ስፒከሩ ሥር ተለጥፈው እንዳይቀመጡም አስተውሉ።

መብራት

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል መሣሪያውን በስታብላይዘር በኩል ስኩት። ሲጠፋ ንቀሉት፤ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ሰኩት። በነጎድጓድ ጊዜም የዲሹን ገመድ ጭምር ንቀሉ። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መደርደር፣ በተለይ ምጣድ ወይም ምድጃ ከሚሠራበት መስመር ጋር፣ አደጋ አለው።

በመጨረሻም

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቅደም ተከተል ያዙ፦ መጀመሪያ ክፍሉን በጭብጨባ ፈትኑ፤ ምንጣፍና መጋረጃ አሟሉ፤ ከዚያ ባላችሁ አቅም ንግግርን አጥርቶ የሚያሰማ መሣሪያ ምረጡ፤ በልኩ አስቀምጡት፤ የሌሊት ቁጥራችሁን ከጎረቤት ጋር ተስማሙበት። ለዚህ ሁሉ መበደር አያስፈልግም። ሁለት ጥሩ ስፒከርና አንድ ወፍራም ምንጣፍ ያለው ሳሎን በብድር ከተሞላ ሳሎን የተሻለ ይሰማል።

ሉቅማን ልጃቸውን ከመከሩባቸው ነገሮች አንዱ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነበር። ምክሩ ለአንደበታችን የተሰጠ ቢሆንም ሪሞት ለያዘ እጅም ይጠቅማል።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የበረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።